ሰባት ሴንቲ ሜትር

«አሁንም ትንሽ አለስልሺው እስቲ።»

«ከዚህ በላይ ካለሰለስኩትማ ሰውየውን ፈወስኩት ማለት ነው። እሱን ደግሞ ጌታ ይሥራው።»

«እንዲህ ሸካራ ሆኖስ እንዴት ላንብበው? ጤነኛውም በሽተኛ ይመስላል እኮ!»

«እና የትኛውን ልናምን ነው?»

ይህን ሊዮና ራይመር የሰማችው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ነው። በዊኒፔግ ከተማ አንድ ሆስፒታል፣ ኑክሌር ሕክምና ክፍል በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር፣ ገርበብ ካለ በር ውጭ ቆማ። አንደኛው ድምፅ የዋናዋ ቴክኒሻን፣ ሌላው የዚያን ጊዜው ሐኪም እንደነበር ታውቃለች። የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀው ማን እንደሆነ ግን ዛሬ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም። መልሱንማ ጨርሶ አልሰማችውም፤ የምሳ ጋሪ እየተንጓጓ አለፈና ዋጠው።

ኮሌጅ ያስተማራት መርፌ መውጋትና ካሜራውን ማንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር፣ ሁለቱ የካሜራ ራሶች በሰው ጭንቅላት ዙሪያ እየዞሩ የለቀሙት የጨረር ቁጥር እንዴት የአንጎል ምስል እንደሚሆን፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው የለም። የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች መመሪያውን አገላበጠች፤ ያልገባትን በእርሳስ አሰመረች፤ ሰው ሲነጋገር ዝም ብላ አዳመጠች። እንዲህ እንዲህ እያለች ለብቻዋ ደረሰችበት። ደረሰችበት ከተባለ ነው እንግዲህ። መመሪያው ራሱ አንድም ቦታ «ይህን አድርጊ» አይልም፤ «እንደ ሁኔታው ይመረጣል» ብሎ ያልፋል።

ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በአንድ የጃንዋሪ ማክሰኞ ጠዋት ፊቷ ያለው ስክሪን ላይ የኦረስት ህናቲዩክ አንጎል ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ነበር። ቀረጻው አንድ ነው፤ ሰኞ ዕለት የተነሣ። ምስሉን የሚያጠራውን የኮምፒውተር ማጣሪያ ስታለሰልሰው ኦረስት ደህና የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው፤ የአንጎሉ ዳር ዳር ዙሪያውን ደምቆ ይታያል። እንደወትሮው መካከለኛ ስታደርገው ከኋላ በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ ይደበዝዛል። ስታሻክረው ደግሞ ብል የበላው ሹራብ ይመስላል። አንደኛው ኦረስት አውቶቡሱን ይነዳል። ሁለተኛው አይነዳም። ሦስተኛው የሚስቱን ስም ቢረሳም አይደንቅም።

ኦረስት ከከተማው በስተሰሜን ባለው ገጠር ቢጫውን የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በኖቬምበር አንድ ጠዋት ሠላሳ አንድ ልጆች ጭኖ ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ወደሞላው ትምህርት ቤት ሄደ። መስኮቱ በጣውላ የተመታ ሕንፃ ፊት ቆመና በሩን ከፈተላቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። በዲሴምበር ያንኑ ደገመው፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አስወጥቶ ቤቱ አስቀመጠው፤ የቤተሰብ ሐኪሙም ወደ ሊዮና ካሜራ ላከው። ምስሉ የመርሳት በሽታ ካሳየ ሐኪሙ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ይጽፋል። ካላሳየ ኦረስት የሚመጣው ሰኞ መሪውን ይጨብጣል።

ዶክተር ጊስላሰን ቡናውን ይዞ፣ ጫማው ላይ የተጋገረውን በረዶ እያራገፈ ገባ።

«ሊዮና፣ እንዴት አደርሽ? መኪናዬን ሌሊት ሞተሩን ከሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ገመድ ሳልነቅል አስነስቼ መጣሁልሽ። ግማሹ ገመድ እስካሁን ከኋላዬ እየተጎተተ ነው።»

«ዘንድሮ ሁለተኛዎ ነው ዶክተር። እርስዎንም ካሜራው ሥር ላስተኛዎት መሰለኝ።»

«አደራሽን! ምን እንደሚታይ አይታወቅም። የአውቶቡሱ ሰውዬስ ደረሰ?»

«ሦስት ናቸው።»

«ምኑ ነው ሦስት?»

«ሰውየው።»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን ያሳረፈው መካከለኛው ላይ ነው። «የሁልጊዜው ቅንብራችን ይሄ አይደለም እንዴ? ከጤነኞቹ ጋር አስተያይተሽዋል?»

ጤነኞቹ የሚባሉት ካሜራው በገባ ዓመት በፈቃዳቸው የተቀረጹ ሃያ አራት ሰዎች ናቸው። ከጽዳት ሠራተኞች ጀምሮ እስከ አንድ ጡረተኛ ፓስተር ድረስ፤ ሊዮናም አለችበት። የሁሉም አንጎል ተደምሮ አንድ መለኪያ ሆኗል። ኮምፒውተሩ የታማሚውን ከእነሱ ጋር ያስተያይና የጎደለውን ቦታ ሰማያዊ ይቀባል። ኦረስት ላይ ሁለት ሰማያዊ ቀብቷል፤ እያንዳንዱ የፕሪም ፍሬ ያህላል።

«ግራና ቀኝ፤ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው» አለ ሐኪሙ። «ያሳዝናል። ዛሬውኑ ልጻፈው።»

«እስከ ነገ ይስጡኝ።»

«ምን አግኝተሽ ነው?»

«ምንም። ብቻ ደስ አላለኝም።»

«ደስ አለማለትን ሪፖርት ላይ በምን ቋንቋ ልጻፈው?» አለና ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ። እስከ ነገ።»

ብቻዋን ስትቀር የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ለስላሳው ላይ ዓይኗ የሚያርፈው ትክክል ስለሆነ ነው ወይስ ለሰውየው አዝና? ሠላሳ አንዱ ልጆችስ ማን ይዘንላቸው? ሊዮና ሁልጊዜ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትጸልያለች። እንዲህ ሁን ብላ አትለምንም፤ አሳየኝ ብቻ ነው የምትለው። አሁን ግን ሦስት ነገር አሳይቷት ዝም ያለ መሰላት።

ከሥር ጀምራ ፈተሸች። ቀረጻውን እንደ ፊልም አዙራ አየችው፤ ኦረስት ጭንቅላቱን አላንቀሳቀሰም። የመድኃኒቱ መጠን ልክ ነው። መርፌውም በደንቡ ነው የተሰጠው። መድኃኒቱ በደሙ ተጉዞ፣ አንጎሉ በዚያች ደቂቃ የሚሠራውን ይዞ ስለሚቀር፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ በደብዛዛ ክፍል፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ማንም ሳያናግረው አሥር አሥር ደቂቃ ተጋድሟል። እሷም ከአጠገቡ ሆና ትንፍሽ አላለችም። ሁሉ ነገር ደህና ነው። ሁሉ ነገር ደህና መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ግራ አጋባት።

እንግዲያማ አይታው የማታውቀውን ጥግ አየች። ፋይሉ ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ካሜራው ከመሐል ምን ያህል ርቆ እንደዞረ ተጽፏል። የክፍሉ ደንብ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሃያ አራቱም ጤነኞች በአሥራ አራት ነው የተቀረጹት። የኦረስት ሃያ አንድ ይላል።

ያን ጊዜ የሰኞው ነገር ተመልሶ መጣባት።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ምን ያህል ነው የሚጠጋኝ?» ብሎ ነበር ኦረስት በጀርባው ተኝቶ።

«አፍንጫዎን አይነካም፤ አይስጉ።»

«አንቺ የኔን አፍንጫ መቼ አየሽውና! የአባቴ ነው፣ ከኔ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው።»

እየሳቀች ካሜራውን አስጠጋችው። ያ ትልቅ ጠፍጣፋ ብረት ፊቱ ላይ ሲያንዣብብ ቀልዱ ከሰውየው ላይ ረገፈ። እጇን አንጓው ላይ ጨምድዶ ያዛት። «አርቂው! እባክሽ አርቂው!» አለ።

ትንፋሹ ሲመለስ ነገራት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እህል ማጠራቀሚያው ጎተራ ውስጥ ገብቶ ስንዴው ከሥሩ ከድቶት እስከ አገጩ ቀበረው። የጎተራውን ቆርቆሮ በመጥረቢያ ቀዶ ያወጣው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። ወንድሙ ባለፈው ጸደይ ሞተ። ይህን የነገራት ጣራ ጣራውን እያየ ነበር። ሊዮናም አዝራሩን ተጭና ካሜራውን አራቀችለት። እንዲያ ሲሆን ሠላሳውን ደቂቃ ንቅንቅ ሳይል ተኛላት። መልካም የሠራች መስሏት ነበር፤ መዝገቡ ላይ እንኳ አላሰፈረችውም።

ካሜራ በራቀ ቁጥር ምስሉ እንደሚደበዝዝ ማንም ጀማሪ ያውቃል። ግን ምን ያህል? ሰባት ሴንቲ ሜትር፣ ጣት የማታህል ርዝመት፣ ሁለት የፕሪም ፍሬ የሚያህል በሽታ ሰው ላይ ትቀባለች? ወይስ ራሷ ሰበብ እየፈለገችለት ነው? ካርዲጋኗን ደረብ አደረገችና የፊዚክስ ባለሙያው ጊልበርት ላቫሌ ወደሚሠራበት ምድር ቤት ወረደች።

«አንቺ ወደዚህ የምትወርጂው ወይ ካሜራው ሲሞት ወይ ኬክ ስትጋግሪ ነው» አላት ጊልበርት፣ የአተር ሾርባውን ሳህን ገፋ አድርጎ።

«ኬክም የለ፣ ካሜራውም ደህና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሰምቶ ሲጨርስ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ በፎጣ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ጭንቅላት አወጣ። ውስጡ እንደ ሰው አንጎል የተቦረቦረ ነው፤ ውኃና ትንሽ መድኃኒት ተሞልቶበት ካሜራው ይፈተንበታል። ጊልበርት ክሎቲልድ ብሎ ስም አውጥቶለታል። ለምን ክሎቲልድ እንዳለው ሲጠየቅ «የአማቴ ስም ነው፤ እሷ እዚህ ስለማትሰማኝ» ይላል።

«ክሎቲልድ አላረጀችም» አለ ውኃውን በቀስታ እየሞላ፣ አረፋው እንዲወጣ በጣቱ እያንኳኳ። «ትምህርት ቤትም አልተዘጋባትም። የጎደለ ነገር ከታየባት ውሸታሙ ካሜራው ነው።»

«ወይም እኔ።»

«ወይም አንቺ፤ ምን ከፋኝ!»

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ታማሚ ሲወጣ ካሜራውን ክሎቲልድ ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩት፤ በአሥራ አራት፣ ከዚያም በሃያ አንድ። ማጣሪያው ያው፣ ሌላው ቅንብር ሁሉ ያው። ሊዮና ሁለቱን ምስሎች አስተያየች። የራቀው ላይ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ፣ ቀለሙ ደብዝዟል።

«ክሎቲልድ ታመመች» አለ ጊልበርት።

ሊዮና አልሳቀችም። የደበዘዘውን ለካች፤ ከኦረስት ጋር አነጻጸረች፤ ደግማ ለካች። «ግማሽ ነው። የእሷ መደብዘዝ የሱን ግማሽ ያህላል።»

«እና ግማሹ የካሜራው ርቀት ነዋ።»

«የቀረው ግማሽስ?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ? የሰውየው ሊሆን ይችላል። የሱ ጀርባ ጎበጥ ስላለ ጭንቅላቱ ከሷ ይልቅ ከመሐል ወርዶም ሊሆን ይችላል። ይቺ ፕላስቲክ ናት ሊዮና። የሷን ከሱ ላይ ቀንሰሽ ትርፉን በሽታ ነው ልትዪ ከሆነ እኔ እጄን አላስገባም።»

«ማጣሪያውን ሸከር ባደርገውስ? የጠፋውን አይመልሰውም?»

«ይመልሳል። የሌለውንም አብሮ ይዞልሽ ይመጣል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ አይነግርሽም።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ከነበረው የባሰ ዞሮባት ነበር። ጠዋት ሦስት ኦረስቶች ነበሯት። አሁን ስንት እንደሆኑም አታውቅም።

በማግስቱ ለዶክተር ጊስላሰን ሁሉንም ነገረችው፤ ፍርሃቱን፣ ጎተራውን፣ አዝራሩን፣ ክሎቲልድን። አላሳጠረችም፤ ራሷንም አልከለለችም። እሱ ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ ሰማት።

«ስለዚህ ታሟል ወይስ አልታመመም?»

«አላውቅም።»

«ጊልበርትስ?»

«እሱም አያውቅም።»

«ትናንት እኔ አውቅ ነበር» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትናንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው።» ኮቱን አወለቀ። «በአሥራ አራት መደገም አለበት። አዲስ መርፌ፣ አዲስ ቀረጻ።»

«አይተኛልኝም ዶክተር። እርስዎ እጁን አላዩትም።»

«ካልተኛ ያለውን አነባለሁ፤ እንደማይታመንም እጽፍበታለሁ። ግን እኔና አንቺ እንተዋወቃለን፤ የቤተሰብ ሐኪሙ የሚያየው ሰማያዊውን ነው። ጥሪያቸው። ንገሪያቸው።»

ሐሙስ ዕለት ኦረስትና ሚስቱ ፓውሊን ያን ሁሉ በረዶ ተሻግረው መጡ። መኪናውን የነዳችው ፓውሊን ናት፤ ያም ኦረስትን አበሳጭቶታል። ትንሿ የምክር ክፍል ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ሰኞ ካሜራውን አርቄልዎት ነበር» አለች ሊዮና። «ማራቅ አልነበረብኝም፤ ካራቅሁም መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ምስሉ ላይ የደበዘዘ ነገር አለ፤ ከፊሉን ያመጣው እሱ ነው።»

«ጤነኛ ነኝ ማለትሽ ነው?»

«አላልኩም።»

«ታምሜያለሁ?»

«እሱንም አላልኩም።»

«ኧረ ምን ልትዪኝ ነው ታዲያ በዚህ ብርድ ያስመጣሽኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አስጨርሳት እንጂ!» አለች ፓውሊን።

«ጨርሳለች እኮ። ሥዕሉ የማይታመን ከሆነ ሥዕል የለም ማለት ነው። ሥዕል ከሌለ ደብዳቤ የለም። ሰኞ ሥራዬ ላይ ነኝ!» ባርኔጣውን አንሥቶ ቆመ።

ሊዮና ክው አለች። እውነቱን ስትናገር ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብላ አላሰበችም ነበር። ሐሰተኛ በሽታ ከሰውየው ላይ አነሣሁ ስትል ሠላሳ አንድ ልጆች መልሳ ልታሳፍርለት ነው። ፓውሊን ናት የተናገረችው።

«እሺ ሂድ። ግን መጀመሪያ ያን ጠዋት ለኔ የነገርከኝን ለሷ ንገራት።»

«የትኛውን?»

«የመብራቱን።»

ኦረስት እንደቆመ ቀረ። ቆይቶ፣ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ትምህርት ቤቱ መብራት በርቶ ነበር» አለ። «ማለቴ፣ ለኔ በርቶ ነበር። በሩን ስከፍት አንዲት ትንሽ ልጅ ‹እዚህ እኮ ማንም የለም› አለችኝ። ያን ጊዜ ጠፋ።» ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረው። «ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስነዳ እያንቀላፋሁ ሕልም አይቼ ይሆናል እላለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን፣ አይ፣ ቁልጭ ብዬ ነቅቼ ነበር እላለሁ። እኔም እኮ አላውቅም፣ እህቴ። ካንቺ ዘንድ የመጣሁት ታውቅልኛለች ብዬ ነው።»

«እኔ ለብቻዬ ላውቅልዎ አልቻልኩም» አለች ሊዮና። «ካሜራው ከተጠጋ ግን፣ ቢያንስ ከሃያ አራቱ ሰዎች ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። ያኔም መልሱ ድፍን ይሆናል ብዬ አልምልም።»

«ስንት ነው የምትጠጊኝ?»

«አሥራ አራት። አፍንጫዎን አይነካም፤ አሁን አይቼዋለሁ።»

የሳቀ መሰለ፤ ግን አልሳቀም። «ስንት ደቂቃ?»

«ሠላሳ።»

«ብጮህስ?»

«አወጣዎታለሁ። በእጅዎ ደወል አስይዝዎታለሁ፤ ሲጫኑት ካሜራው ይርቃል። ግን ቀረጻው ከመጀመሪያው ይጀመራል።»

«እግሩን ልይዝለት እችላለሁ?» አለች ፓውሊን። «ከጭንቅላቱ ሩቅ ነው፤ አላንቀሳቅሰውም።»

«ይችላሉ።»

«እግሬን ይዛ ልትኮረኩረኝ ነው» አለ ኦረስት። «አርባ ዓመት በዚያ ስታባብለኝ የኖረች ሴት ናት።»

«ከተንቀሳቀስክ እቆነጥጥሃለሁ!»

ኦረስት መስኮቱን አየ። ሊዮና አልገፋፋችውም፤ ሰዓቱንም አላየችም። ኮሪደሩ ላይ አልጋ ሲገፋ፣ አንድ ሰው ሲስል ይሰማል። ምን እንደሚል ልታውቅ አልቻለችም፤ ፊቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው።

«እስከዚያ አውቶቡሱን ማን ይነዳዋል?» አለ በመጨረሻ።

«ተተኪው እየነዳው አይደል እንዴ» አለች ፓውሊን።

«እሱማ ኩርባው ላይ ይፈጥናል።» ተነፈሰ። «ንገሩት፤ ኩርባው ላይ እንዳይፈጥን።»

«እነግረዋለሁ» አለች ፓውሊን።

«በይ እንግዲህ» አለ ኦረስት ወደ ሊዮና ዞሮ። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ሊመጣ፣ ካሜራው አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲጠጋው ደወሉን ይዞ ሊተኛ፣ ያኛው ምስል እስኪነበብም ድረስ መሪውን ላይነካ እሺ አለ።